አማቴን ያኖሩልኝ ሰዎች

ባለቤቴ ዱር ሲገባ አባቱን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ያን ጊዜ ከተጋባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ እኔም ዕድሜዬ ከአሥራ ስምንት ቢያልፍ በጥቂት ነው። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ የፈጣምን ገደል ቁልቁል ከሚያይ ጉብታ ላይ ነበር። ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ምሽግ ሠርቷል፤ መሣሪያ አስረክቡ እያለ አዋጅ ያስነግራል። ባለቤቴ መሣሪያውን ከሚያስረክብ ይዞት መሄዱን መረጠ። አንድ ቀን ጧት በሬዎቹን ወደ መስክ አውጥቶ ተመለሰና በሩ ላይ ቆሞ፣ "አባቴን አደራ" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም "እግዜር ይርዳኝ" አልኩት እንጂ የተቀበልኩት ምን እንደሆነ በውል አልገባኝም ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ፀንሼ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር።

አማቴ የድሮ ወታደር ነበሩ። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ጦር ተከትለው አገር ላገር ሲዞሩ ኖረው፣ ፀጉራቸው ሲሸብት መሬታቸው ላይ ተቀመጡ። የክተት አዋጅ ሲታወጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ "አንቱስ ይበቃዎታል፤ ልጅዎ ይሂድ" ቢላቸው፣ "ልጄም ይሂድ፣ እኔም እሄዳለሁ" ብለው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ከተከዜ ማዶ ከአውሮፕላን የወረደ ቦምብ ዳሌያቸውን ሰበረው። ጓደኞቻቸው ጥለዋቸው አልመጡም። እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠርተው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው፣ በረሃውንና ደጋውን አቋርጠው ከቤታቸው አደረሷቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ አማቴ ቆመው አያውቁም። ብቻቸውን መቀመጥም አይችሉም ነበር።

መጀመሪያ ያስታመሟቸው ሚስታቸው ናቸው። እሳቸው በወባ ሲሞቱ ባለቤቴ አባቱን ማጠቡን፣ ማገላበጡን፣ ወደ ደጅ አቅፎ ማውጣቱን ያዘ። እሱ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሳቸው ብቻ ሆንን።

በእኛ አገር ምራት ከአማቷ ጋር እንደልቧ አትነጋገርም። ፊት ለፊት አታያቸውም፤ እሳቸው ባሉበት አትበላም። እኔም ምግባቸውን አቀርብና አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ። ውሃ አሙቄ "ልጠብዎ" ያልኳቸው ዕለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ምራቴ ገላዬን ከምታይ አፈር ቢያየኝ ይሻለኛል" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። ኀፍረት ነበረው።

ከዚያ በኋላ የማቀርበው እንጀራ ግማሹ መመለስ ጀመረ። አንዳንድ ቀን ከሁለት ጉርሻ በላይ አይነኩትም። ወጡ ባይጣፍጣቸው ነው ብዬ ሽሮውን ደግሜ ፈጨሁ፣ ቅቤ ጨመርኩ። "ጠግቤ ነው" ይሉኛል። ፊታቸው ግን እየጠቆረ፣ አጥንታቸው እየወጣ ሄደ።

ከቤታችን በታች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሰው ምላሷን ይፈራል፤ እኔም እፈራት ነበር። እሳት ልትጭር መጥታ የተመለሰውን ገበታ አየችና ቆመች።

"አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ "ሰውዬው ጠግበው ይመስልሻል?"

"ጠግቤያለሁ ነው የሚሉኝ።"

"የበላ ሰው ደጅ መውጣት አለበት። ማን ሊያወጣቸው ነው? አንቺ? እሱን አስበው ነው የሚራቡት። ውሃም እየተጠሙ ነው፤ እዪው ከንፈራቸውን።"

እውነቷን ነበር። በአገራቸው ጦር ሜዳ ሁሉ የዋሉ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው እኔን ላለማስቸገር ቀስ በቀስ እየሞቱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወጥ ሳጣፍጥ ከርሜያለሁ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ከኋላዬ መጥታ፣ "አልቅሰሽ ስትጨርሺ ወደ ነፍስ አባታቸው ሂጂ" አለችኝ።

ቄሱ በማግሥቱ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ለመነጋገር አይቸኩሉም። በርጩማ ስበው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ቡሬ ወሬ ብዙ ካወሩ በኋላ ጠየቋቸው።

"በዘመቻ የቆሰለ ጓደኛ አጥበው ያውቃሉ?"

"ስንቱን" አሉ አማቴ።

"ያ ሰው አፍሮ ነበር?"

"ያፍራል እንጂ።"

"ታዲያ ምን አሉት?"

"ዝም በል፣ ነገ የእኔ ተራ ነው እለው ነበር" አሉ አማቴ።

"እንግዲህ ተራዎ ደረሰ" አሉ ቄሱ። "ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ምራትዎ ብቻ አይደለችም፤ ልጅዎም ናት። ይህን የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ነውር ነው የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ።"

አማቴ ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። "እንዲህ ሆኜ ትጠበኝ" አሉ ከጋቢው ሥር። የመጀመሪያውን ቀን እንደዚያ አጠብኳቸው፤ እሳቸው ፊታቸውን ሸፍነው፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ። ጀርባቸውን ሳዞር ከወገባቸው በታች መዳፍ የሚያህል ቁስል አገኘሁ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሐሉ ርሷል። ስንት ቀን እንደዚያ ሆነው እንደተኙ አላውቅም። አንድም ቀን አላቃሰቱም።

ቁስሉን በምን እንደማድነው የማውቀው ነገር አልነበረም። ቅጠል ቀጥቅጬ ባደርግበት ባሰ። በዚያው ሳምንት ግን አንድ ነጋዴ ቤታችን ገባ። የቡሬ እስላም ነው፤ በበቅሎ ጨውና በርበሬ እየጫነ ሽንዲ ይወስዳል፣ ከሽንዲ ማርና እህል ጭኖ ይመለሳል። ከሰሜን አማቴን ተሸክመው ካመጧቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ በዘመቻው የስንቅ በቅሎ ይነዳ ነበር። በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ጎራ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ለእሱ ብዬ ለብቻው ያስቀመጥኩት ንጹሕ ዋንጫ ነበረኝ፤ ውሃና ቆሎ አቀረብኩለት። "ልጅዎ ከሄደ ማን ነው የሚይዝዎት?" ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እኔ ከጓዳ ሆኜ "አያ፣ ቁስል አለባቸው" አልኩት።

አየው። አሸተተው። በጣቱ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገ።

"ይህን ቁስል አውቀዋለሁ" አለ። "ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነው። የጭነት ቁስል ነው።"

"እኔ ምን ተጫንኩና ነው የጭነት ቁስል የሚወጣኝ?" አሉ አማቴ።

"ራስዎን ነዋ። እርስዎም ጭነቱ፣ እርስዎም በቅሎው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ስሚ እቴ። በቅሎ ጀርባዋ የሚላጠው ጭነቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲያርፍ ነው። እንዲያ ስትሆንብን ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈውን ድልዳል እንፈታና፣ ቁስሉ ባለበት በኩል ጭዱን አውጥተን ባዶ እናደርገዋለን። ዙሪያው ይሸከማል፣ ቁስሉ አየር ላይ ይሆናል። ያልተነካ ቁስል ይድናል፤ የተነካ በቅጠልም በጸበልም እሺ አይልም።"

ያን ቀን ወደ ሽንዲ አልሄደም። በቅሎዎቹን አራገፈና አንዱን ድልዳል ቀዶ፣ ጭዱን በትኖ፣ በለስላሳ ሣር እየሞላ መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ ትራስ ሰፋ። አማቴን ከእኔ ጋር ሆኖ አነሣቸውና ትራሱን ከሥራቸው አስገባ። ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቦ ከሽንዲ ቆላ የመጣ ማር ቀባው። ከዚያም የማገላበጫውን ሰዓት በፀሐይ አስተማረኝ። ጧት በቀኝ ጎናቸው፤ ፀሐይ ከበሩ ደፍ ስትደርስ በግራ፤ ከምሰሶው ሥር ስትደርስ በሆዳቸው፤ ስታዘቀዝቅ እንደገና በቀኝ።

"አሁንስ በቅሎ አደረግኸኝ" አሉ አማቴ።

"በቅሎማ ቢሆኑ ይራገጡ ነበር" አላቸው። አማቴ ሳቁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ወስፌና ጠፍር ይዞ መጣ። የአልጋቸውን ጠፍር ፈትቶ መሐሉ ላይ ክፍት ቦታ እየተወ እንደገና ጠፈረው። ጠርዙን እንዳይቆርጣቸው በቆዳ ለበጠው። ደጅ መውጣታቸው እዚያው እንዲሆን ከሥሩ ሸክላ አስቀመጥን፤ ከላዩ ሲያስፈልግ የሚነሣ ቁራጭ ለምድ። አንዱን የመጫኛ ገመዱንም ከጣራው ወራጅ ላይ አስሮ ከደረታቸው በላይ አወረደው። እጃቸው ገና ብርቱ ነበር። መጫኛውን ይዘው ራሳቸውን ብድግ አደረጉ፣ ቆዩ፣ ተመለሱ። ደጋግመው አደረጉት። ከዚያ፣ "የሚበላ አለ?" አሉኝ።

ያቀረብኩትን በሙሉ በሉ። ሌላም ጠየቁኝ። እኔም ጓዳ ገብቼ የቀረውን እንጀራ ሁሉ አወጣሁላቸው።

ልጄ በተወለደች ጊዜ ቁስሉ ጠርዙ ገጥሞ ነበር። እኔ ግን ደከምኩ። አራስ ሆኜ እሳቸውን ማንሣት አቃተኝ፤ ቁስሉ ተመልሶ ይከፈታል ብዬ ፈራሁ። እንዲያ ባለሁበት ያቺ ጎረቤቴ በማርያም ማኅበራቸው ቀን ተነሥታ ለሴቶቹ ተናገረች። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ኋላ ነው። "አንዲት ልጅ ብቻዋን ወታደር ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታርማለች፣ ታጠባለች። እኛ ደግሞ እዚህ ተቀምጠን ጠላ እንጠጣለን። ማርያም ይህን ጠላ ትቀበለናለች ወይ?" ብላ ጠየቀቻቸው። በማግሥቱ ሁለት ሴቶች መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ተያዘ። አንዷ ሰኞ ልብስ ወንዝ ታወርዳለች፣ አንዷ ማክሰኞ ታገላብጣለች፣ አንዷ ረቡዕ የጾም ምግብ ታመጣለች። መሬታችንን አቅም ያላቸው ሽማግሌዎች በደቦ አረሱልን። ለእኔ ቅዳሜን ሰጡኝ። ቅዳሜ ምንም አልሠራም። ልጄን አቅፌ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ያን ዕረፍት የሰጡኝን ሴቶች መልክ አንድ በአንድ ዛሬም አስታውሳለሁ።

አማቴ መጀመሪያ በዚህም አፈሩ፤ ቆይተው ግን ለመዱ። ቃጫ እንዲያመጡላቸው ጠየቁና ተኝተው ገመድ መግመድ ያዙ። ገመዱን ለሚያስታምሟቸው ሴቶች ይሰጣሉ፤ ለጭነት፣ ለጥጃ ማሠሪያ፣ ለውሃ መቅጃ። ልጄንም ከጎናቸው አስተኛላቸው ነበር። በአንድ እጃቸው እሹሩሩ እያሉ በሌላው ይገምዳሉ።

ከዚያ የጣሊያን ጦር መጣ።

ወሬውን ያመጣው ያው ነጋዴ ነው። ገና ማለዳ ነበር። በቅሎዎቹ ባዶ ናቸው፤ እሱም እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። "ከቡሬ ጦር ወጥቷል" አለ። "ባንዳ እየመራው ነው። አርበኛ ያሳደረ መንደር ሁሉ ይቃጠል ተብሏል። ወደ ገደሉ ውረዱ።"

መንደሩ ተረበሸ። ከብቱ ይነዳል፣ እህል በስልቻ ይታሰራል፣ ቄሱ ታቦቱን ይዘው አስቀድመው ወረዱ። ወንድ የሚባል ጉልበት ያለው ሁሉ ዱር ነው። እኔ ልጄን አዝዬ አማቴ አልጋ አጠገብ ቆምኩ።

"ሂጂ" አሉኝ። "እኔን ተይኝ። ሽማግሌ ነኝ፤ ምን ያደርጉኛል?"

ምን እንደሚያደርጓቸው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ወደ በሩ ሄጄ ነበር። ደፉን ተሻግሬ አንድ እግሬን ደጅ አድርጌያለሁ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ትተነፍሳለች፤ ጭሱ ከሩቅ ጉብታ ላይ ይታየኛል። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆምኩ አላውቅም። ቀና ስል ያቺ ጎረቤቴ ሁለት ረጃጅም አጣና ተሸክማ ስትመጣ አየኋት። ከኋላዋ ሰባት ሴቶች አሉ።

ወደ ውስጥ ገብታ አጣናዎቹን መሬት ጣለች። "ጌታዬ" አለቻቸው፣ "ከዚህ ቤት የሚቀር ሰው የለም።"

"ሴት ወንድ ተሸክማ አታውቅም" አሉ አማቴ።

"ዘጠኝ ወር ሙሉ የተሸከመዎት ማን ነበር ታዲያ?"

ነጋዴው አልጋውን በመጫኛዎቹ ከአጣናዎቹ ጋር አሠረ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዳያጋድል ደጋግሞ ፈትሾ አጠበቀው። በበቅሎ መሄድ አይሆንም፤ ዳሌያቸው አያስቀምጥም፣ የገደሉም መንገድ ጭነት አያስወርድም። እሱም ከፊት አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ሦስቱን ሴቶቹ ያዙ። መቀነታቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ አነጠፉ። እኔ ልጄን አዝዬ ውሃና ትራሱን ይዤ ተከተልኩ።

መንገዱ ፍየል የሚወርድበት ነው። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ባዶ። አማቴ ፊታቸውን አልሸፈኑም። ተኝተው ወደ ሰማይ እያዩ ያዝዙን ነበር። "የፊቶቹ ዝቅ፣ የኋላዎቹ ከፍ... ቁሙ... ትከሻ ቀይሩ... አሁን።" ድምፃቸው እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። ሴቶቹ ሲደክሙ ያውቃሉ፤ ሳይነግሯቸው "እረፉ" ይሏቸዋል።

ግማሽ መንገድ ስንደርስ አውሮፕላን ሰማን። አንዷ ሴት ልትሮጥ አለች።

"ማንም አይሩጥ" አሉ አማቴ። "የሚሮጥ ከላይ ይታያል። ነጠላችሁን አውልቁ፤ ነጭ ነገር ሁሉ ከአልጋው ሥር አስገቡ። ከቁጥቋጦው ተጠጉና ተቀመጡ። ቀና አትበሉ፤ ፊት ያበራል።"

ያሉንን አደረግን። አውሮፕላኑ በገደሉ ላይ አለፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈ። ከማዶ ያለው መስክ ላይ ሁለት ቦምብ ጣለና ከብት ገደለ። እኛ ዘጠኝ ሴቶች፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሕፃን ከቁጥቋጦው ሥር ነበርን። አንዳችንም አልተነካንም። ድምፁ ሲርቅ ጎረቤቴ የአማቴን እጅ ስማ፣ "አዳኑን" አለቻቸው። አማቴም፣ "እናንተ ናችሁ ያዳናችሁኝ። እኔማ እዚያው ተኝቼ ነበር" አሉ።

ከገደሉ ሥር ካለ ዋሻ ውስጥ እስከ ክረምቱ መግቢያ ተቀመጥን። እሳት መቼ እንደሚነድ፣ የትኛው እንጨት እንደማይጨስ፣ ውሃ የሚቀዳው ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሆነ የሚያዝዙት አማቴ ነበሩ። ተራው አልተቋረጠም። ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፣ ረቡዕም ረቡዕ ነው። ነጋዴው በጣሊያን ኬላ አልፎ ጨውና ማር ያመጣልን ነበር። ቢያዝ እንደሚሰቅሉት እያወቀ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን "አያ፣ ለምን ራስህን ታስጨንቃለህ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ከተከዜ እስከዚህ ተሸክሜ ያመጣሁትን ሰው እዚህ ጥዬው?" አለኝ፤ ነገሩ እንደዚህ ግልጽ ሆኖ ሳለ መጠየቄ ያስገረመው ይመስል ነበር።

ስንመለስ ቤቶቹ አመድ ሆነዋል። ምሰሶዎቹ ብቻ እንደ ጠቆረ ጥርስ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ መጀመሪያ የሠሩት የማንን ቤት ነው ቢባል የእኛን ነው። "የታመመ ሰው ዝናብ አይመታውም" አሉ። በሩንም አስፍተው ሠሩት፤ አልጋው ሳይጋደም እንዲገባና እንዲወጣ። ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት አማቴን ከነአልጋቸው ደጅ አውጥተን ፀሐይ እናሞቃቸዋለን፤ መንገደኛው ቆሞ ያናግራቸዋል፣ ምክር ይጠይቃቸዋል። ቤት ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩ በሽተኛ መሆናቸው ቀረ።

ጣሊያን ከቡሬ የወጣ ዓመት ባለቤቴ ተመለሰ። ጢሙ ደረቱ ደርሷል፣ አንድ ጣቱ የለም። ልጁን አላወቃትም፤ እሷም ሸሸችው። አባቱን ግን ሲያይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። በማግሥቱ እኔ አጥባቸዋለሁ ብሎ ውሃ አሞቀ። ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

"ቀስ" ይሉታል። "ክንዴን አይደለም፣ ትከሻዬን ያዝ። አሁን አዙረኝ... እንዲህ አይደለም። ጥራት፤ ታሳይህ።"

ገባሁ። እጁን ይዤ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያርፍ አሳየሁት። አማቴ በጋቢ አልተሸፈኑም፤ እኔም አንገቴን አልደፋሁም። ባለቤቴ ጀርባቸውን አየና በመዳፉ ዳሰሰው። "ቁስል የለም" አለ።

"የለም" አሉት። "ሴቶቹን አመስግን። ነጋዴውንም አመስግን። እሷንማ እኔ አመስግኛታለሁ።"

እንዲህ ብለው አልቀሩም። እስኪሞቱ ድረስ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት መኸር ኖረዋል፣ ማንም እንግዳ ወደ ቤታችን ቢገባ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ዘመቻቸው ሳይሆን ስለ እኛ ነበር። ያረፉት ፀሐይ ላይ ሆነው፣ ገመዳቸው በእጃቸው እንዳለ ነው። ነጋዴው ከቡሬ መጥቶ ከለቀስተኛው ጋር ሦስት ቀን ተቀመጠ። ቄሱ ከአጠገባቸው አስቀመጡት።

ከሞታቸው በኋላ ተራው ይፈታል ብዬ ነበር። አልተፈታም። ከዱር የተመለሰው ሁሉ ደህና ሆኖ አልተመለሰም፤ እግር የሌለው፣ ዓይን የሌለው፣ ጥይት ሰውነቱ ውስጥ የቀረበት በየቀበሌው ነበር። የማኅበሩ ሴቶች ስማችን ርቆ ስለሄደ ሰዎች ከሩቅ ይጠሩን ጀመር። አንድ ጊዜ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከተባለው ከተማ አልፎ፣ ከጅጋ ማዶ ካለ መንደር፣ የአንድ አርበኛ እናት መልእክት ላኩ። እኔና ጎረቤቴ ሁለት ቀን በእግራችን ሄደን ደረስን። ጎልማሳው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ከፊቱ ያለው ገበታ አልተነካም።

እናቱ፣ "እህል እምቢ አለኝ፤ ሊሞትብኝ ነው" አሉን።

ጎረቤቴ ገበታውን አየች፣ እኔን አየች። "እናቴ፣ አልጋው ጠፍር ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። ጠፍር ነበር። እዚያው ቁጭ ብለን መፍታት ጀመርን፤ እናቱም ወስፌ አቀበሉን። አራት ቀን ከእነሱ ጋር ቆየን። ስንሄድ ጎልማሳው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ በትራስ ተደግፎ ከእናቱ እጅ እየጎረሰ ነበር፤ እናቱም ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ እጃቸው ወጥ እንደነካ፣ ወደ እኛ እያዩ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልን።